የፓፓያው ጭማቂ

እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው የመጡ ዕለት የመጋረጃ ሰፊዋ ልብ አልወደደውም። መምጣታቸው ሳይሆን ሳይጠሩ መምጣታቸው ነው የከነከናት። የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ትዳሯ አሥር ዓመት ሲያልፈው አንድ ቀን እንኳ እዚህ ቤት አድረው አያውቁም። ሲመጡም ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይናቸው በርብረው፣ ስለ አቧራው አንድ ነገር ጣል አድርገው ይሄዳሉ። መበርበር ደግሞ ሙያቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው የሴት ሠራተኞችን ቦርሳና ቀሚስ ሲፈትሹ ነው የኖሩት። ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ኪሱን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ያያሉ።

«ሙሽሪት፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጨረር ልትጀምሪ ነው። ማን ሊያበስልልሽ ነው?» አሉ ሻንጣቸውን ግድግዳ አስደግፈው።

«ሙሽሪት» የሚሏት ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ነው። አሁን አርባ ሊሞላት ነው፣ ፀጉሯም ሸበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ እሳቸው ግን ያንኑ ይላሉ። ለእሷ ጆሮ «አሁንም እንግዳ ነሽ» ማለት ነበር። ልጅ አለመውለዷን አስመልክተው አንድ ጊዜ የጣሏት ቃል ደግሞ ከሆዷ አልወጣችም። ቤቱም የአባታቸው ቤት ነው፣ ባሏ የወረሰው። እሷ ብትሞት ቤቱ ተመልሶ የእነሱ የእህትና የወንድም ብቻ ይሆናል። ይህን ማሰቧ አሳፈራት፤ ግን አሰበችው።

ሕመሟ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሐኪሟ ሳትደብቅ፣ ሳታስፈራራም ነግራታለች። ጊዜው አላለፈም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ጨረር፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ጠንካራ መድኃኒት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ወር ይፈጅበታል። «ሥራዬን ልተወው?» ሲላት «ትተኸው ምን ልንበላ?» ብላ መለሰችው። እናም ሄደ። በሄደ በሳምንቱ እትዬ መጡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነቀፋ የሚወጣለት ነገር አጣች። እትዬ ጠዋት ይነሳሉ፣ ይጠርጋሉ፣ የአጃ ሾርባ ይሠራሉ። እሷ ከሆስፒታል ተመልሳ በፊተኛው ክፍል ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ደንበኞቿን በር ላይ ያስቆማሉ። «ለምን ጉዳይ ነው? የቱን መጋረጃ? ለመቼ?» እያሉ ያጣድፏቸዋል። አንዷ ደንበኛ ቦርሳዋን ከፍታ ልታሳያቸው ሁሉ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ያን ዕለት ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ስቃ አታውቅም።

ከዚያ ጭማቂው መጣ።

ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ የፓፓያ ጭማቂ። «ሆድሽን ያለሰልሰዋል» አሉ እትዬ። እሷም ጠጣች። መረራት። አፏ ግን ከዚያ መድኃኒት ወዲህ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይላታል፤ ውሃው፣ ዳቦው፣ የገዛ ምራቋ ሳይቀር። ስለዚህ መጀመሪያ ምላሷን ጠረጠረች። ሆዷም ይታወክ ጀመር። ጨረሩ ይህን እንደሚያደርግ ተነግሯታል። ስለዚህ ጨረሩን ጠረጠረች። እትዬን የጠረጠረችው ብርጭቆውን ራሷ ያጠበች ቀን ነው። ከሥሩ ነጭ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እንደ ተፈጨ ኖራ። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ፓፓያ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዋን ጣለች። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጥ ታደርግና ድንገት ታቆማለች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሰማ ለማድመጥ። አንድ ማታ ሰማችው። ማንኪያ ሳህን ላይ ተደፍቶ ሲጫን፣ አንድ ደረቅ ነገር ቀጭ ብሎ ሲሰበር፣ ከዚያ ሲፈጭ። ወዲያው እትዬ ብርጭቆውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ምነው መኪናው ዝም አለ?»

«ክር ተበጠሰብኝ።»

«ጠጪ በይ፣ ሳይሞቅ።»

«አስቀምጡልኝ፣ እጠጣዋለሁ።»

አልሄዱም። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፣ እንደ ፋብሪካው በር። እያዩአት ጠጣችው።

በማግስቱ የባሰውን ሰማች። እትዬ ጓዳ ገብተው በስልክ ያወራሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የጓዳው በር ላይ የሰቀለችው ራሷ የሰፋችው መጋረጃ ነው፤ ወፍራም ጨርቅ ነው፣ ግን ድምፅ አያግድም።

«አታውቅም» አሉ እትዬ። «ብታውቅማ አትጠጣውም። … ኧረ ጠዋትም ማታም እየሰጠኋት ነው። … አንተ ብቻ አፍህን ያዝ።»

በስልኩ ውስጥ የተሰማው የወንድ ሳል የባሏ ነበር። የእሱን ሳል ከሺህ ሰው ሳል መሃል ትለየዋለች። ግድግዳውን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬን መጠርጠር ቀላል ነበር፣ ለዓመታት ስትለማመደው ኖራለች። ባሏን መጠርጠር ግን እንደ አዲስ በሽታ ሆነባት። አብረው የተኙበትን አልጋ እያየች «እሱማ አያደርገውም» አለች ለራሷ። ቀጥላም «እሱ አይደል እንዴ አፍህን ያዝ የተባለው?» ብላ ለራሷ መለሰች።

ልትፈትናቸው ቆረጠች። ማታ ብርጭቆውን ተቀብላ መልሳ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ይጠጡት። ደክሞዎታል፣ ከንፈርዎም ደርቋል።»

እውነትም ደርቆ ነበር። ከሰሞኑ እትዬ ውሃ በጆግ እየጠጡ ይመላለሳሉ፣ ቀሚሳቸውም ሰፍቷቸዋል። ግን ያንን ያኔ ልብ አላለችውም።

«እኔ? ስኳር እንዳለብኝ ረሳሽው እንዴ? ጭማቂ ምን በወጣኝ።»

«አንድ ጉንጭ ብቻ። ትናንት ሲልጡት አንድ ቁራጭ በልተው የለ?»

«አልጠጣም አልኩሽ እኮ» አሉና ብርጭቆውን ወደ እሷ መልሰው ገፉት። ጭማቂው ጠርዙን አልፎ ጣቶቻቸው ላይ ፈሰሰ። አልላሱትም፤ በሽርጣቸው ጠረጉት።

በቃ፣ አለች በልቧ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የጠጣች መስላ ብርጭቆውን ይዛ ክፍሏ ገባች። ከሥር ያለውን ዝቃጭ የልብስ ቁልፍ በምታስቀምጥበት ትንሽ ጠርሙስ ገለበጠችና ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት የደም ምርመራውን ውጤት እያየች ግንባሯን ቋጠረች።

«ኩላሊትሽ እየደከመ ነው። ይሄ የምንሰጥሽ መድኃኒት ያደክመዋል፣ ግን እንዲህ በአንዴ አልጠበቅኩም። የዚህን ሳምንት አንሰጥሽም። ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ? ቅጠል፣ ዱቄት፣ ሰው የሰጠሽ ነገር?»

መጋረጃ ሰፊዋ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷም ገረማት። ስለ ማንኪያው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ብርጭቆው ሁሉንም ነገረቻት።

ሐኪሟ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ይሄ እዚህ አይመረመርም። የባልሽ እህት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የስኳር።»

«መርፌ ነው ኪኒን?»

«ኪኒን። ነጭ፣ ትልቅ።»

ሐኪሟ መለኪያ አወጣች። ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ደህና ነበር። «ያንን ጭማቂ ሁለተኛ እንዳትጠጪ። የኪኒኑን ማሸጊያ ደግሞ ፈልገሽ አምጪልኝ። ሳላይ ምንም አልልም» አለቻት። መጋረጃ ሰፊዋ ከክፍሉ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካ አላት። ሐኪሟም ጠርጥራለች ማለት ነው። ብቻዋን አላበደችም።

መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ መጣች። «ሻንጣዎን ያንሱና ይውጡ» ትላለች። አይሆንም፤ መጀመሪያ ጠርሙሱን አሳይታ ፊታቸውን ታያለች። ከዚያ ለባሏ ትደውላለች፣ እሳቸው እየሰሙ።

ስትገባ ቤቱ ጭር ብሏል። «እትዬ» ብላ ጠራች። መልስ የለም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ የተደፋ ማንኪያ፣ ማንኪያው ሥር በግማሽ የተፈጨ ኪኒን አለ። እትዬ ወለሉ ላይ ናቸው። ጀርባቸውን ለቁም ሣጥኑ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጭንቅላታቸው ወደ ትከሻቸው ጋደል ብሎ።

ደንግጣ አልሮጠችም። በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አሁንም እየተጫወቱብኝ ቢሆንስ? ነቅተውብኝ ቢሆንስ? ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ «የእጃቸውን ነው ያገኙት» የሚል ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አሰበችው። ከዚያ እትዬ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ምላሳቸው ደርቆ ከላንቃቸው ተጣብቋል።

«ሙሽሪት… ጭማቂው… አላለቀልኝም» አሉ እየተንተባተቡ።

በሩን ለቃ አጠገባቸው ተንበረከከች። ለምን እንደሆነ ገና አልገባትም። ጎረቤታቸውን ባለታክሲውን ጠራችው፤ ምሳውን ጥሎ መጣ። ለሁለት ተሸክመው ከኋላ ወንበር አስገቧቸው። መኪናው ውስጥ የእትዬ ጭንቅላት ጭኗ ላይ ነበር። ሲያዩዋቸው ከባድ ሴት፣ ሲይዟቸው ባዶ ቀሚስ ሆኑባት። የኪኒኑን ማሸጊያ ከሽርጣቸው ኪስ አግኝታ በመዳፏ ጨብጣለች፤ ለማስረጃ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበላቸው ወጣት ሐኪም የእትዬን ጣት ወጋና መለኪያውን አየው። ደግሞ ወጋ። «ቁጥር አልሰጥም አለ» አለ። «ስኳሩ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነው። መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ። በየጠዋቱ ሲፈለቅቁ አያቸዋለሁ።»

«ሲውጡስ አይተሻል?»

ማሸጊያውን የጨበጠ እጇን ዘረጋችለት። ማሸጊያውን ከመዳፏ ወስዶ አነበበው። «ሜትፎርሚን ነው። የሚወስዱት ይሄንን ከሆነ እንዲህ ባልሆኑ ነበር። ይሄ ኪኒን የት ነው የሚገባው?»

የት እንደሚገባ አወቀች። «እኔ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው» አለች በልቧ።

እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽና ኢንሱሊን ሲሰጣቸው አድረው በማግስቱ ረፋድ ላይ አፋቸውን ፈቱ። መጋረጃ ሰፊዋ የዕለቱን ጨረር ጨርሳ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማዘን ያለባት መሰላት፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው።

«ምን ሲያደርጉ ነበር?»

እትዬ ጣሪያውን አዩ። «ስኳር ክትትል ቦታ ወረፋ ስጠብቅ ነው የሰማሁት። አንድ ሐኪም በሬዲዮ ሲያወራ። ይሄን ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ካንሰር ሲይዛቸው ከሌላው ይሻላቸዋል የሚሉ ጥናቶች አሉ አለ። የማህፀን በሩንም ጠራው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ገብቼ ሐኪሜን ለወንድሜ ሚስት ይታዘዝላት ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ስኳር የለባትማ አለኝ። ታዲያ እኔ አለብኝ፣ ኪኒኑም አለኝ።»

«ሬዲዮው ሌላ ምንም አላለም?»

«ገና አልተረጋገጠም ብሏል። እስኪረጋገጥ ማን ይጠብቃል?»

«የራስዎን ኪኒን ነው የሰጡኝ።»

«መጀመሪያ የማታዋን ብቻ ነበር። ኋላ ሳስበው ግማሽ ነገር ምን ያደርጋል አልኩና የጠዋቷንም ጨመርኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትጠጪው ነበር?»

«አልጠጣም።»

«ይኸውልሽ» አሉ እትዬ፣ ክርክሩን ያሸነፉ ያህል። «ከእኔ እጅ ውሃ እንኳ ወደ ብርሃን አንስተሽ አይተሽ ነው የምትጠጪው። ፈታሽ ነኝ እኮ፣ ሲፈትሹኝ አውቃለሁ።»

«ያን ማታ ግን ጠጡ ስልዎት እምቢ አሉ። መርዝ ነው ብዬ ደመደምኩ።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ይህን አልጠበቁም ነበር። «መርዝ?» አሉ ቀስ ብለው። «የቀረችው ኪኒን የዚያች ማታዋ ብቻ ነበረች። እኔ ከጠጣኋት ላንቺ ምን ይተርፋል? አዲሱን ማሸጊያ ከክሊኒክ የምቀበለው በማግስቱ ነበር።»

መጋረጃ ሰፊዋ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ያዘች፤ ስፌቱ ተተርትሯል፣ እጇ ሳታዘው ክሩን መጠቅለል ጀመረ።

«ለወንድምዎ ብለው ነው?»

«ለወንድሜማ ሌላ ሚስት አይጠፋለትም» አሉ እትዬ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ ነኝ የምቸገረው። አንቺ ከሌለሽ ከማን ጋር ልጣላ?»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ራሷ ወደ ሕሙማን ክፍሉ ወርዳ መጣች። ማሸጊያውን አየችና ከሁለቱም መሃል ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል የነበረ ዓይነት ድምፅ ግን ነበራት።

«እማማ፣ የሰሙት ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም። መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሴሎችን እድገት ሲያዘገይ ታይቷል። ስኳር ያለባቸው፣ ይሄን የሚወስዱ ሴቶች የተሻሉበት ጥናት አለ፤ ምንም ልዩነት ያልታየበትም አለ። ለእሷ ይጠቅማል ብዬ ልነግርዎ አልችልም፣ ማንም አይችልም። እኔ የማውቀው ይሄን ነው። የደከመ ኩላሊት ይሄን ኪኒን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ሲጠራቀም ደሟ አሲድ ይሆናል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እርስዎ እዚህ አልጋ ላይ፣ እሷ እዚያኛው ላይ ነበራችሁ።»

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። «አላወቅኩም» አሉ።

«ባለማወቅ ነው የሚሞተው» አለች ሐኪሟ፣ ወጣችም።

ባሏ በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ጭነቱን አራግፎ ሳይታጠብ ነው የመጣው። እትዬ ተሽሏቸው ቤት ገብተዋል፣ ጓዳ ተኝተዋል። ሚስቱን አቅፎ አለቀሰ። ይህን ሁሉ ገና አሁን እንደሰማ፣ እህቱ ምን ነክቷት እንደሆነ እንዳልገባው፣ ቢያውቅ ኖሮ በሌሊት እንደሚመጣ ነገራት። እሷ አንገቱ ላይ ተደግፋ የመንገዱን አቧራ እያሸተተች ሰማችው።

«አትዋሽ» አለ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ድምፅ።

እጁ ጀርባዋ ላይ ደረቀ።

«ነግሬሃለሁ» አሉ እትዬ ከጓዳ። «ስጫት አልከኝ። እኔ ጥፋቴን ተቀብያለሁ፣ ያንተን አልሸከምልህም።»

ባሏ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈርቶ እንደነበር፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ ምንም ማድረግ እንዳቃተው፣ እህቱ ኪኒን ስትለው ቢያንስ አንድ ነገር እየተደረገ ነው ብሎ እንደተጽናና ተናገረ። ምናልባት እውነቱ ይሄው ነው። ግን እሷ የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። እትዬ ዋሽተው ሰውነታቸውን ከፍለውበታል። እሱ ዋሽቶ የከፈለው ነገር የለም። አሁንም፣ ሁሉም ነገር ከወጣ በኋላ፣ መጀመሪያ የሞከረው መዋሸት ነው።

«ተነስና ታጠብ» አለችው። «ዛሬ እዚህ ሶፋው ላይ ትተኛለህ። ነገ ደግሞ እናያለን።»

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ መድኃኒት የሚዋጠው በግልጽ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እትዬ ኪኒናቸውን ውጠው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሷ ምላሳቸውን አስነስታ ከሥር ሁሉ ታያለች። «ሠላሳ ዓመት ሰው ፈትሼ ተፈታሽ ሆኜ ቀረሁ» ይላሉ፤ ግን አፋቸውን ይከፍታሉ። ጭማቂ ካማራት ራሷ ትጨምቃለች። ሾርባውን ትጠጣለች፣ አንዳንድ ቀን ግን ማንኪያውን ከማንሳቷ በፊት ሳህኑን ዘንበል አድርጋ ሥሩን ታያለች። እትዬ እያዩዋት የራሳቸውን ሾርባ ይጠጣሉ።

ኩላሊቷ አገገመ፣ ሕክምናውም አለቀ። ከወራት በኋላ ሐኪሟ የምስሉን ውጤት ዘርግታ ዕጢው አሁን እንደማይታይ ነገረቻት። መዳን የሚባለው ቃል ገና ነው፣ ዓመታት ክትትል አለ፤ ግን አይታይም።

መጋረጃ ሰፊዋ ልትነሳ ስትል ተመልሳ ተቀመጠች። «ያ ኪኒን… አስተዋጽኦ ይኖረው ይሆን?»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ጨረሩና መድኃኒቱ ናቸው እላለሁ፤ ብዙ ሴቶች ላይ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ስለ ኪኒኑ ግን አላውቅም። ላንቺ ለአንዷ ሴት ማንም ሊያውቅልሽ አይችልም።»

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ባሏ አጠገባቸው ነው፣ አልተጠጋትም፤ ሳትጠራው መጠጋት ካቆመ ሰንብቷል።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ።

«አይታይም አለች።»

እትዬ ግድግዳውን ተደገፉ። «ስለ ኪኒኑስ?»

«አላውቅም አለች።»

«አላውቅም ነው ያለችው? አይደለም አላለችም?»

«እትዬ፣ ሁለተኛ እንዳያስቡት።»

«ማን አሰበ? ጠየቅኩ እንጂ» አሉና ክንዷን ያዙ። ወደ ደረጃው ሲሄዱ ባሏ ከኋላቸው ተከተለ። እሷ የእትዬን እጅ አላስለቀቀችም፤ ግን በሌላ እጇ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች።